ቀይ ክር ቀለሙን ለቀቀብን፣ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ አብረን ጥልፍ የምንሠራ ሴቶች ነን። እባካችሁ የምታውቁ ድረሱልን።

ለሙሽራ የታዘዘ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ነው። የአንገቱን ጥልፍ በእጅ ጨርሰን ስናጥበው ቀዩ ክር ለቀቀ። በየአበባው ዙሪያ ሮዝ ጥላ አለ። ክሩ የተቋጠረበት ቦታማ ይብሳል። ከደረቀና ካውያ ካረፈበት እንደማይለቅ ስለምናውቅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈነዋል። ውሃውን በቀየርን ቁጥር አሁንም ሮዝ ይወጣል።

ቡድናችን ደግሞ ለሁለት ተከፍሏል። ትልልቆቹ ክሩን አስቀድሞ በጨውና በኮምጣጤ መዘፍዘፍ ነው ይላሉ። ወጣቶቹ ግን ኮምጣጤ ለጥጥ ምንም አይሠራም፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ወርደን ፖሊስተር ክር እንግዛ ባይ ናቸው። ፖሊስተር እምብዛም እንደማይለቅ አውቃለሁ። ግን ያብለጨልጫል፣ የእጅ ጥልፉን ለዛ ያጠፋዋል። እኔ የጥጡን መተው አልፈልግም።

ጨርቁ ላይ ያረፈውን ቀለም እንዴት እናስለቅቀው? በረኪና ብቻ እንዳትሉኝ፣ ጥልፉንም ይበላዋል። ክሩስ ከመጠለፉ በፊት በምን ይፈተናል? ሐረርም ሆነ ድሬ፣ የማይለቅ የጥጥ ክር የሚሸጥበትን የምታውቁ ጠቁሙን። ሠርጉ ደርሷል።