የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን የበረራ ትምህርትን ከየት መጀመር ይገባል?

ጥያቄ፦ ከአዲስ ጀማሪ

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ያጠናቀቅሁ ሲሆን፣ ወደፊት የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ ሆኜ ለመሥራት እፈልጋለሁ። እስካሁን ያነጋገርኋቸው የበረራ ትምህርት ቤቶች የሰጡኝ ማብራሪያ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖብኛል፤ አንዱ ስለ በረራ ምንም የማያውቀውን ሰው ተቀብሎ በአንድ ተከታታይ ሥልጠና ለረዳት አብራሪነት እንደሚያበቃ ሲነግረኝ፣ ሌላው ደግሞ ፈቃዶቹን አንድ በአንድ፣ በየደረጃው እየከፈልሁ ብወስድ እንደሚሻለኝ ይመክረኛል። ሁለቱም ግን ቶሎ እንድመዘገብና ቀብድ እንድከፍል ይገፋፉኛል። የሒሳብና የፊዚክስ ችሎታዬ መካከለኛ ነው፤ ርቀት ለማየትም መነጽር አደርጋለሁ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት በቅድሚያ ምን ማድረግ እንደሚገባኝ፣ ከሁለቱ መንገዶችም የትኛው እንደሚያዋጣ፣ በሙያው ውስጥ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከበረራ አስተማሪ

ቀብዱን ለጊዜው ያቆዩትና በመጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሂዱ። በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭሩ ኢካኦ በሚባለው ተቋም ደንብ መሠረት፣ የንግድ አብራሪ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ሁሉ አንደኛ ደረጃ የሚባለውን የጤና ብቃት ማረጋገጫ መያዝ አለበት፤ ለግል አብራሪነት ግን ሁለተኛው ደረጃ ይበቃል። በዚህ ልዩነት ምክንያት አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን በሁለተኛው ደረጃ ምርመራ ብቻ ያስጀምሩታል። ሕግ አልጣሱም፤ ነገር ግን ተማሪው የግል ፈቃዱን ካገኘና ብዙ ገንዘብ ካፈሰሰ በኋላ ለአንደኛው ደረጃ እንደማይበቃ ቢነገረው፣ ኪሳራው የእርሱ እንጂ የትምህርት ቤቱ አይሆንም። ምርመራውን ማድረግ የሚችለው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ውክልና የሰጠው ሐኪም ብቻ ስለሆነ፣ ከማንኛውም ክሊኒክ የተገኘ የጤና ወረቀት አያገለግልም።

መነጽርዎ ብዙ አያስጨንቅዎ። መስፈርቱ እያንዳንዱ ዓይን በመነጽር ታግዞም ቢሆን 6/9 (ጤናማ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት ማለት ነው)፣ ሁለቱ በአንድነት ደግሞ 6/6 እንዲያዩ ነው፤ በመነጽር የሚያበር ሰው ግን ትርፍ መነጽር በአጠገቡ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ከመነጽሩ ይልቅ ሰዎችን ሳያስቡት የሚያሰናክላቸው ቀለም የመለየት ፈተና ነው፤ ብዙ ሰው ቀይና አረንጓዴን መለየት እንደሚያስቸግረው የሚያውቀው በምርመራው ዕለት ነውና። ያለፈ ሕመም ካለብዎት፣ የአእምሮ ጤናን የሚመለከት ቢሆንም እንኳ፣ ለሐኪሙ በግልጽ ይናገሩ። በሕክምና ታሪክ ምክንያት ተጨማሪ ምርመራ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ተደብቆ በኋላ የተገኘ ታሪክ ግን ፈቃድን ሊያስሰርዝ ይችላል።

ደረጃዎቹን በአጭሩ ላስቀምጥ። የመጀመሪያው የግል አብራሪ ፈቃድ ነው፤ በኢካኦ ዝቅተኛ መስፈርት 40 የበረራ ሰዓት፣ በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት ለሚማር ደግሞ 35 ሰዓት ይጠይቃል፤ አውሮፓውያን 45 አድርገውታል። አብዛኛው ተማሪ ከዝቅተኛው በላይ ስለሚያበር በጀትዎን በዝቅተኛው ሰዓት ልክ አይሥሩ። ከዚያ ውጭን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የማብረር ብቃት፣ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የማብረር ብቃት፣ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ይከተላሉ። የንግዱ ፈቃድ በመሠረቱ 200 ሰዓት፣ በጸደቀ ተከታታይ ሥልጠና 150 ሰዓት ይጠይቃል። የመጨረሻው የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ ሲሆን፣ ለእርሱ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል።

መልስ፦ ከረዳት አብራሪ

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ ሆኖም 1,500 የሚለው ቁጥር ጠያቂውን እንዳያስደነግጠው ማብራሪያ ልጨምርበት። በአውሮፓ ሥርዓት አንድ ሰው የንግድ ፈቃዱን፣ የመሣሪያ በረራ ብቃቱን፣ በቡድን የመሥራት ሥልጠናውንና የአየር መንገድ አብራሪነት የጽሑፍ ፈተናዎቹን ካጠናቀቀ፣ 200 ሰዓት ገደማ ይዞ በረዳት አብራሪነት ሊቀጠር ይችላል፤ የቀረውን ሰዓት በሥራ ላይ ሆኖ ያሟላል። በአሜሪካ ግን ከ2013 ወዲህ ረዳት አብራሪውም የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ እንዲኖረው በሕግ ስለተደነገገ፣ አዲስ ተመራቂዎች ብዙውን ጊዜ በበረራ አስተማሪነት እየሠሩ ሰዓት ያጠራቅማሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከመምረጥ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ የት አገር መሥራት እፈልጋለሁ የሚለው ነው። ፈቃድ ከአገር ወደ አገር እንደ ፓስፖርት ይዘውት የሚሻገሩት ሰነድ አይደለም፤ ወደ አውሮፓ ሥርዓት መለወጥ የሚፈልግ የሌላ አገር ፈቃድ ባለቤት የጽሑፍ ፈተናዎቹን እንደገና ይወስዳል፤ እነርሱም 13 ናቸው።

ስለ ሁለቱ መንገዶች ያለኝ አስተያየት ከብዙዎች የተለየ ሳይሆን አይቀርም። ተከታታይ ሥልጠና የተሻለ አብራሪ ያወጣል የሚለው አባባል አያሳምነኝም። ልዩነቱን የሚፈጥረው የበረራው አለመቋረጥ ነው፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚያበር ተማሪ ከትናንቱ ትምህርት ላይ ተነሥቶ ይቀጥላል፤ በወር አንድ ጊዜ የሚያበር ግን የእያንዳንዱን በረራ እኩሌታ ያለፈውን ለማስታወስ ያውለዋል፤ ለዚያም ይከፍላል። ስለዚህ በየደረጃው መማር የሚያዋጣው ለቀጣዩ ፈቃድ የሚያስፈልገው ገንዘብ በሙሉ በእጅ ካለ በኋላ ያንን ደረጃ ሳያቋርጡ ለሚጨርሱ ሰዎች ነው። ተከታታዩን ሥልጠና የምመርጠው አየር መንገድ ራሱ አመልካቾችን መርጦ፣ ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል ሸፍኖ፣ ቦታ ይዞ የሚያሠለጥን ከሆነ ነው። እንዲህ ያለው ዕድል አብዛኛውን ጊዜ የአገልግሎት ውል ያስከትላል፤ ቢሆንም በግል ከመክፈል ይሻላል። ኢካኦ በ2006 ያጸደቀው የብዙ አብራሪዎች ፈቃድም፣ ማለትም ከአንድ በላይ አብራሪ በሚያስፈልገው አውሮፕላን ላይ በረዳት አብራሪነት ለመሥራት የሚያበቃው ፈቃድ፣ በዚህ መልክ የሚሰጥ ሲሆን፣ ቢያንስ 240 የሥልጠና ሰዓት ቢጠይቅም ከዚህ ውስጥ ትልቁ ክፍል በሲሙሌተር፣ ማለትም በምድር ላይ በሚገኝ የበረራ ማስመሰያ መሣሪያ፣ ይሞላል። ጉድለቱ ባለቤቱን ከሁለት አብራሪ አውሮፕላን ጋር ማሰሩ ነው፤ ያሠለጠነው አየር መንገድ ካልቀጠረው ሌላ የበረራ ሥራ በቀላሉ አያገኝበትም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከአዲስ ጀማሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የሕክምና ምርመራውን ለማድረግ ቀጠሮ እይዛለሁ። ስለ ሒሳቡ ግን አሁንም ስጋት አለብኝ። በተጨማሪም ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ እለማመዳለሁ፤ ይህ ይጠቅመኛል ወይስ መጥፎ ልማድ ያስይዘኛል?

መልስ፦ ከበረራ አስተማሪ

አብራሪ የሚያስፈልገው ሒሳብ ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ሌላ ሥራ እየሠሩ፣ ያለ ወረቀት፣ በቶሎ የሚሰላ ነው። ለምሳሌ ከ30,000 ጫማ ከፍታ ወደ ምድር ለመውረድ ከየት ርቀት ላይ መጀመር እንደሚገባ ለማወቅ፣ ሺዎቹን በሦስት አባዝቶ 90 የባሕር ማይል ማለት ይበቃል። በሦስት ዲግሪ ቁልቁለት ወደ መንደርደሪያው ሲወርዱ ደግሞ አውሮፕላኑ ከምድር አንጻር ያለውን ፍጥነት በኖት (በሰዓት በሚጓዘው የባሕር ማይል) ወስዶ በአምስት ማባዛት በደቂቃ ስንት ጫማ መውረድ እንደሚገባ ይነግራል፤ በ120 ኖት ፍጥነት 600 ጫማ ይሆናል። ከመንደርደሪያው አቅጣጫ 30 ዲግሪ ዘወር ብሎ የሚነፍስ የ20 ኖት ነፋስ በጎን የሚገፋው በግማሹ፣ በ10 ኖት ነው። እነዚህን በእግር ሲጓዙም ሆነ ወረፋ ሲጠብቁ በቃል ቢለማመዱ፣ አንድ የከፍተኛ ሒሳብ ኮርስ ከሚሰጥዎት የበለጠ ያገኛሉ። ፊዚክሱም ቢሆን የክንፉን አነሳስና አውሮፕላኑ ለምን የማንሣት ኃይሉን አጥቶ እንደሚወድቅ በሚገባ ለመረዳት የሚበቃ ከሆነ መካከለኛ ችሎታ አያግድም። የክንፉ ማንሣት የሚቋረጠው ክንፉ አየሩን የሚገናኝበት ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ መሆኑን፣ ይህም በማንኛውም ፍጥነት ሊደርስ እንደሚችል ልብ ይበሉ፤ ይህን ከልቡ የተረዳ ተማሪ በጣም ያስደስተኛል፤ ፈተናውን አልፎም የማይረዳው አለና።

የኮምፒውተሩን ልምምድ በተመለከተ፣ ለመሣሪያ በረራና ለአሠራር ቅደም ተከተል ይጠቅማል። ከዚያ የሚመጡ ተማሪዎች ግን ዓይናቸውን ከመሣሪያዎቹ ላይ ማንሣት ያቅታቸዋል፤ በመጀመሪያዎቹ የበረራ ትምህርቶች የሚፈለገው ደግሞ አድማሱን እያዩ አውሮፕላኑን በእጅና በእግር መምራት ነው። መሣሪያዎቹን በወረቀት የምሸፍንባቸው ተማሪዎች አሉ። ጊዜዎን ለእንግሊዝኛ ቢያውሉት ይሻላል፤ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለሚሠራ አብራሪ ከስድስቱ የቋንቋ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛው ግዴታ ነው፤ የሬድዮ ንግግር ደግሞ ከሚሰሙት ፊልም በጣም ይፈጥናል።

መልስ፦ በበረራ ትምህርት ቤት አስተዳደር ከሠራ ሰው

እኔ ስለ ውሉ ብቻ ልናገር። የሥልጠናውን ሙሉ ክፍያ በአንድ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ካጋጠመዎት፣ ቅናሹ ምንም ያህል ማራኪ ቢሆን አይፈርሙ። የበረራ ትምህርት ቤት ከባድ ወጪ ያለበት፣ ትርፉ የሳሳ ሥራ ስለሆነ፣ ሲዘጋ የተማሪዎች ገንዘብ አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በየወሩ ወይም በየምዕራፉ የሚከፈል፣ ያልተበረረበትን ገንዘብ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመልስ በግልጽ የሚናገር ውል ይጠይቁ።

ከዚያም በአካል ሄደው አውሮፕላኖቹን ይቁጠሩ። ብሮሹሩ ላይ አሥር ሴስና 172 የሚባሉ ትናንሽ የሥልጠና አውሮፕላኖች ቢሣሉም፣ ዛሬ መብረር የሚችሉት ስንቶቹ ናቸው? የሥልጠና አውሮፕላን በየ50 እና በየ100 የበረራ ሰዓቱ ለፍተሻ ስለሚቆም፣ ጥገናው ከቦታው ውጭ የሚሠራ ከሆነ ተማሪዎች ለብዙ ቀናት ይጠብቃሉ። ለአንድ አውሮፕላንና ለአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንደሚደርስ፣ ባለፈው ዓመት የጀመሩት ተማሪዎች አሁን የት ደረጃ ላይ እንደሚገኙ ይጠይቁ፤ መልሱንም ከቢሮው ሳይሆን ተራቸውን ከሚጠብቁት ተማሪዎች ያረጋግጡ። እነርሱ ምንም የሚደብቁት ነገር የለም።

በመጨረሻም የሰዓት ዋጋ በየትምህርት ቤቱ ሲያነጻጽሩ ምን ምን እንደሚያካትት ያስተውሉ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ ነው ወይስ አውሮፕላኑ ምድር ከለቀቀ በኋላ? ነዳጅ፣ የአስተማሪ ክፍያ፣ የማረፊያ ክፍያ፣ የፈታኝ አብራሪ ክፍያ፣ ፈተና ለወደቀ ተማሪ የሚደገመው በረራ በውስጡ አሉ ወይስ ለብቻ ይጠየቃሉ? ለተወሰነ የአውሮፕላን ዓይነት፣ ለምሳሌ ለቦይንግ 737 ወይም ለኤርባስ ኤ320፣ የሚሰጠው ተጨማሪ ሥልጠና በአብዛኛው ከትምህርት ቤቱ ዋጋ ውጭ ነው፤ እርሱንም አየር መንገዱ የሚሸፍንበትና አመልካቹ ራሱ የሚከፍልበት አሠራር ስላለ፣ ከወዲሁ ወደሚያስቡት አየር መንገድ ደውለው መጠየቅ ይችላሉ።