ጥቆማ፦ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ለምትፈልግ ልጅ፣ በመምህር ደመወዝ የሚቻለው ግቢ የትኛው ነው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ልጄ 12ኛ ክፍልን ተፈትና ከ600 428 አምጥታለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሬዲዮ ስትፈታ ያደገች ናትና ከኤሌክትሪካል ምህንድስና ሌላ አትሰማም። ወዳጆቼ አንዱ አምስት ኪሎ (አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ)፣ አንዱ አዳማ፣ አንዱ ባሕር ዳር ፖሊ (ፖሊቴክኒኩን) ይላሉ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ "አዲስ አበባ እኔ ጋ ትቀመጥና የግል ኮሌጅ ትማር" ብሏል። እናቷ እዚሁ ከተማችን ብትማር ትወዳለች። ከእሷ በታች ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አቅሜን ታውቁታላችሁ። በመንገዱ ያለፋችሁ እስኪ ምከሩኝ።

የፓወር መሐንዲስ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! በ2017 ከተፈተኑት ውስጥ የነጥቡን ግማሽ ማምጣት የቻሉት 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 5.4፣ በ2015 ደግሞ 3.2። 428 ይዞ ምርጫ መጨነቅ የደስታ ጭንቀት ነው።

ሥራዬ ሰብስቴሽን፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ነው። በየዓመቱ ከተለያዩ ግቢዎች ተማሪዎች ለኢንተርንሺፕ፣ ለሥራ ልምምድ ይመጡልኛል፤ ከየት እንደመጡ ሳልጠይቅ መጀመሪያ መለኪያ እሰጣቸዋለሁ። አንዱ ማልቲሜትሩን አምፔር ላይ አድርጎ ቮልቴጅ ሊለካ፣ ማለትም አደጋ ሊፈጥር ሲል እጁን ይዤ አስቁሜዋለሁ፤ የትምህርት ውጤቱ ግን ከ4 3.7 ነበር። ሌላዋ፣ ስሙ ብዙም ከማይነሳ ግቢ የመጣች ልጅ፣ መስመሩ መጥፋቱን ሳታረጋግጥ ምንም አልነካችም። ያን ቀን ነው የግቢ ስም መጠየቅ ያቆምኩት። ስለዚህ የምነግርዎት "አንደኛ ማን ነው" የሚለውን አይደለም።

የግል ኮሌጁን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ጥሩ የግል ኮሌጆች አሉ፤ ኮምፒውተርና አካውንቲንግ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እል ነበር። ኤሌክትሪካል ግን ሞተር፣ ትራንስፎርመር፣ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ) የሚጠይቅ ትምህርት ነው፤ እነዚህን ገዝቶ ማስቀመጥ ለብዙዎቹ አያዋጣም። የግድ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ከትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ያጣሩ። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስለ ሌላ ዲፓርትመንት ሊሆን ይችላል። የመውጫ ፈተናም አለ፤ ከ2015 ወዲህ 50 ያላመጣ አይመረቅም፣ የመንግሥትም ይሁን የግል። በመጀመሪያው ዙር በአጠቃላይ ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር፤ የግሎቹ ውጤት ከመንግሥቶቹ በእጅጉ ያነሰ ነበር።

አሁን ወደ መንግሥቱ። "ነፃ ነው" የሚልዎትን አይመኑ፤ ዱቤ ነው። ልጅዎ በየዓመቱ ስትመዘገብ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማለች፣ ተማሪው "ኮስት ሼሪንግ" የሚለው። ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶው፣ የምግቡና የመኝታው ደግሞ ሙሉው በስሟ ይመዘገባል። ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል፤ ከፍላ እስክትጨርስ ዋናው ዲግሪ አይሰጣትም፣ በቴምፖራሪ፣ በጊዜያዊ ማስረጃ ነው የምትሄደው። እኔ ለአንድ የውጭ ዕድል ዋናው ሲጠየቅብኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገንዘብ መበደር ነበረብኝ። ቢሆንም ከየትኛውም የግል ክፍያ ጋር አይወዳደርም፤ ለእርስዎ አቅም ይኸው ነው መንገዱ።

ከኪስ የሚወጣው ሌላ ነው። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የሎከር ቁልፍ፣ ካሲዮ ካልኩሌተር፣ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ። ከሁሉ የሚከብደው ትራንስፖርት ነው። አምስት ዓመት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ቤት ብትመጣ አስር ደርሶ መልስ ማለት ነው፤ ርቀቱን በዚህ አባዙት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔ የምመለከተው ከግቢው አጥር ውጭ ያለውን ነው። ኢንተርንሺፕ አንድ ሴሚስተር ነው፣ አራተኛ ዓመት ላይ። ግቢው ደብዳቤ ጽፎ ይሰጣል፣ ቦታውን ብዙ ጊዜ ተማሪው ራሱ ነው የሚፈልገው። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ልጅ ደግሞ ቤት ተከራይቶ መሥራት አይችልም። ስለዚህ በእግር ወይም በታክሲ በሚደረስበት ርቀት ምን ፋብሪካ፣ ምን ጣቢያ አለ? እያንዳንዱን በዚህ ሚዛን ላስቀምጥልዎት።

አዳማ ለእኔ አንደኛ ምርጫ ነው። ከናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅነት ተነስቶ በ2003 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። ኤሌክትሪካሉ በሁለት ተከፍሏል፤ ፓወርና ኮንትሮል አንድ ዲፓርትመንት፣ ኤሌክትሮኒክስና ኮሙኒኬሽን ሌላ። ሬዲዮ የምትፈታ ልጅ ሁለተኛውን ልትወድ ትችላለች፤ ይህን ከአሁኑ አስቡበት። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ቆቃ አለ፣ 43 ሜጋ ዋት፣ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለ ግድብ። በሌላው በኩል ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፤ ከአውቶብስ መስኮት ሲዞሩ ይታያሉ። አሮጌውንም አዲሱንም ቴክኖሎጂ በአንድ ከተማ ዙሪያ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ፋብሪካውም አለ። ሙቀቱ ግን ለደብረ ብርሃን ልጅ ቅጣት ነው፤ ጋቢዋን ትተው ይምጡ!

ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ከአዳማ ጋር መንታ ነው፣ ሁለቱ የጋራ መግቢያ ፈተና አላቸው። ኤሌክትሮሜካኒካል የሚባል ዲፓርትመንትም አለው፤ ፋብሪካ ጥገና ለምታስብ ልጅ ጥሩ ነው። ከተማ ዳር ስለሆነ ታክሲው ያሰለቻል፤ የአቃቂና የቃሊቲ ፋብሪካ ሁሉ ግን ጎረቤት ነው። የባለቤትዎ ወንድም ቤት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

አምስት ኪሎ ሽማግሌው ነው፤ የምህንድስና ኮሌጁ ከ1945 ገደማ ጀምሮ አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው አለቃ ሁሉ የዚያ ልጅ ነው፣ ይህም ራሱ ሀብት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አገባቡ ተቀይሯል፤ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ በመንግሥት ወጪ የሚገቡ አሉ፣ ከፍለው የሚማሩም አሉ። ልጅዎ በየትኛው እንደምትገባ በጽሑፍ ሳያረጋግጡ እሺ አይበሉ።

ባሕር ዳር ፖሊን ያላወቀ ቴክኒሽያን አገር ውስጥ የለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመ ነው፤ ያኔ ያስለመደው የወርክሾፕ ፍቅር ዛሬም በአሮጌዎቹ ምሩቃን እጅ ላይ ይታያል። ጢስ ዓባይ አንድና ሁለት የኃይል ማመንጫዎች ቅርብ ናቸው። ለፓወር ተማሪ እንደ መማሪያ ክፍል ናቸው። ከእናንተ ጋ እስከዚያ ያለውን መንገድ ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሴት ልጅ በየበዓሉ የምትመላለስበት ነውና በዚህ ላይ እኔ ከእናቷ በላይ አልናገርም።

ስለ እናቷ ካነሳን፣ ደብረ ብርሃንን አይናቁ። ዩኒቨርሲቲው ገና ወጣት ነው፣ በ1999 የተከፈተ። ከተማው ግን የፋብሪካ ከተማ ነው። ቢራው ሁለት ነው፣ ዳሸንም ሐበሻም አለ፤ የብርድ ልብሱ ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። የቢራ ፋብሪካ ማለት ቦይለር፣ ሞተር፣ ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር)፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ማለት ነው። ቤቷ እያደረች ኢንተርንሺፕ የምትሠራ ልጅ አዲስ አበባ መጥቶ ቦታ ከሚለምነው በምን ታንሳለች? የእንጀራውን ነገር አልጨምርም።

አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር ልጨምር። የተማርኩበት ግቢ ስሙ ይቆየኝ። በዲዛይኑ የሚያምር ላብ (ቤተ ሙከራ) ነበረው፤ ኦሲሎስኮፖቹ በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። ቁልፉን የሚይዙት ቴክኒሽያን ፈቃድ ወጡ፤ ተመልሰው ሲመጡ ሴሚስተሩ አልቋል። ከአርባ ልጆች ሦስታችን ብቻ ነን የነካነው፤ ያውም ለጎብኚዎች ማሳያ ሲከፈት። ስለዚህ የትም ቢሆን ሄደው ሲያዩ ላቡን ብቻ አይዩ። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ላውንጅ ውስጥ ያግኙና "ባለፈው ሴሚስተር ስንት ላብ ሪፖርት ጻፍክ? መረጃውን ራስህ ለካህ ወይስ ከሲኒየር ገለበጥክ?" ይበሉት። ሲስቅ ይገባዎታል።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ (አዳማ)

ጋሽዬ፣ ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፤ የነፋሱን ነገር ግን ማጋነን ነው። ጉብኝት ወስደውናል፤ ለኢንተርንሺፕ ግን ቦታው ትንሽ ነው፣ ብዙዎቻችን ፋብሪካ ነው የምንወጣው። ዋናውን ነገር ደግሞ ማንም አላነሳውም። ልጅቷ እኛ ጋ ስትገባ በቀጥታ ኤሌክትሪካል አይደለችም። መጀመሪያ ፍሬሽማን ናት፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ ጭምር። ከዚያ ዲፓርትመንት የሚሰጣት በግሬዷ ነው። የእኔ ዶርም ጓደኛ 500 ይዞ መጥቶ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ተዝናናበት፤ የፈለገውን አጣ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን "12ኛን ጨረስኩ" ብላ እንዳትተኛ።

የፓወር መሐንዲስ

ተቀብያለሁ፣ ስለ ነፋሱ ታረምኩ። ዲፓርትመንቱን ደግሞ በደንብ አነሳኸው። ጋሼ፣ ይህ ነገር ለየትኛውም ግቢ ይሠራል፤ በስም ቀዳሚ በሆነ ግቢ ውስጥ ሁሉም ጎበዝ ስለሆነ ፉክክሩ ይከብዳል። አነስ ባለው ግቢ ልጅዎ ከፊት ተሰልፋ የፈለገችውን ልትወስድ ትችላለች።

የመስኖ ባለሙያ (ወላይታ)

አርባ ምንጭን ማንም ስላልጠቀሰ ቅር ብሎኛል። በ1979 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተ ነው፤ የአገሪቱን ግድብና መስኖ የሠራው ሰው ግማሹ እዚያ አልፏል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ልጅቷ ኤሌክትሪካል ስላለች ለእሷ አልሟገትም፣ ከደብረ ብርሃንም በጣም ሩቅ ነው። ግን ሌላ አንባቢ ውሃ ነክ ምህንድስና ከፈለገ የመጀመሪያ ምርጫው ያድርገው። ዓሣውም እንደጉድ ነው።

ጠያቂ

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእናቷና ከራሷ ጋር ተቀምጠን አነበብነው። ለአዳማና ለቂሊንጦ ፈተና ትመዘገባለች። ካልሆነ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ትሆናለች፤ እናቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ካፌ ባትበላ ኮስት ሼሪንጉ ይቀንሳል? ላፕቶፕስ አሁኑኑ ልግዛላት? አንድ ነጋዴ "ኢንጂነሪንግ ያለ ኮር አይ ሰባት አይቻልም" ብሎ አስጨንቆኛል።

የፓወር መሐንዲስ

ኖን ካፌ ከሆነች የምግቡን ገንዘብ በጥሬው ይሰጧታል፣ ሒሳቡ ግን በስሟ መመዝገቡ አይቀርም፤ ከኮስት ሼሪንግ አያመልጡበትም። ደብረ ብርሃን ገብታ ቤት የምታድር ከሆነ መኝታውንም ምግቡንም እንደማትጠቀም ውሉ ሲፈረም በግልጽ ይጻፍ። ሲፈርሙ እርስዎ አብረው ይሁኑ፤ ፍሬሽ ተማሪ ሰልፉ ሲያስቸኩላት የሰጧትን ሁሉ ፈርማ ትወጣለች።

ላፕቶፑን አሁን አይግዙ። አንደኛ ዓመት ደብተር፣ ካሲዮና ላይብረሪ ይበቃታል። ማትላብና የሰርኪዩት ሶፍትዌሮች የሚመጡት ዲፓርትመንት ከገባች በኋላ ነው፤ ያኔም ኮር አይ አምስት፣ ራሙ 8፣ ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ማሽን ከበቂ በላይ ነው። ነጋዴውን ሰላም በሉልኝ። በቆጠቡት ገንዘብ አንድ ማልቲሜትርና አንድ ብየዳ፣ ትንሹን ለሬዲዮ የሚሆነውን፣ ገዝተው ይስጧት።

ጠያቂ

ብየዳውስ ቀድሞም አላት፤ የጎረቤቱን ቴፕ ሁሉ በእሱ ነው የፈታችው።