«የፍጥነት መንገድ ለፈጣን መኪና ነው» ላለን ሰው

ባለ ጂምኒ፦
ትናንት እዚህ መድረክ ላይ አንድ ወጣት «ሱዙኪ ጂምኒ ልገዛ ነው፤ በየሳምንቱ በፍጥነት መንገድ ረጅም ጉዞ አለብኝ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ይኸው፦ «እርሷ የተሠራችው ለጭቃና ለገደል ነው። የፍጥነት መንገድ ለፈጣን መኪና ነው። ጎማ የተገጠመለት ቁም ሳጥን ይዘህ ሰው አታስቸግር።» ልጁ አመስግኖ ሄደ፤ እኔ ግን ስገላበጥ አደርኩ። ይህቺን ትንሽ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና አምስት ዓመት ነድቻታለሁ። 1.5 ሊትር ሞተር፣ 102 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት እስከ 145 ኪሎ ሜትር። ይህ ካልበቃ ፈጣን መኪና የምትሉት ስንት የሚሄደውን ነው? ቁጥሩን ንገሩኝ።

ረጅም ጉዞ፦
መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አልሸሽም። 145 የሚሄደው ወረቀቱ ነው። የጓደኛዬን ተውሼ አራት ሰዓት ነድቻለሁ። 120 ላይ ስደርስ ሬዲዮውን አጠፋሁት፤ ቢበራም አይሰማም። የጭነት መኪና ስቀድም ጎኑ ላይ ሳለሁ ነፋሱ ጸጥ ይላል፤ አፍንጫውን እንዳለፍኩ በጥፊ ይመታኝና መኪናዋ ወደ ጎን ትሸሻለች። አቃናለሁ ስል ወደዚያኛው ጎን ታልፋለች። ዳገት ላይ አምስተኛ ማርሽ እምቢ አለ፤ አራተኛ አስገባሁ፤ ቀጥሎ ሦስተኛ። ስወርድ ጆሮዬ ውስጥ ንብ ሰፍሮ ነበር። ይህ ማስቸገር ካልሆነ ምንድን ነው?

ባለ ጂምኒ፦
የተቸገርከው አንተ ነህ። አስቸገርከው ያልከው «ሰው» ግን በትረካህ ውስጥ የለም። ቁጥሩም የለም።

አቧራ ጠጪ፦
«የፍጥነት መንገድ ለፈጣን መኪና ነው» የምትለዋ አባባል ሳታስቀኝ አልቀረችም። በአውሮፓ ኅብረት ከባድ የጭነት መኪና በፍጥነት መገደቢያ 90 ላይ ይታሰራል፤ የሚውለው ግን የት ነው? የፍጥነት ገደብ በሌላቸው ጎዳናዎቿ የታወቀችው ጀርመን እንኳ ወደ አውቶባን የሚገባው ተሽከርካሪ በሥሪቱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ መቻሉን ብቻ ነው የምትጠይቀው። ጂምኒ የዚያን እጥፍ አልፋለች። ጀርመኖች ያልከለከሉትን ወዳጃችን «ረጅም ጉዞ» ከለከለ!

ረጅም ጉዞ፦
የጭነት መኪና እህል ተሸክሞ ነው የሚዘገየው። ይቺ ምን ተሸክማ ነው? የኋላ ወንበሯ ካልታጠፈ ሻንጣ ማስቀመጫዋ 85 ሊትር ነው። አንድ ቦርሳና አንድ ጃንጥላ። ደግሞ መከልከል አላልኩም፤ «ለፈጣን መኪና ነው» አልኩ እንጂ።

አቧራ ጠጪ፦
«ለእነርሱ ነው» ማለት «ለአንተ አይደለም» ማለት ካልሆነ አማርኛ ተለውጧል ማለት ነው።

የጋራዥ ሰው፦
ልጆች፣ ቃል ስትሰነጥቁ ዋናውን ነገር ረሳችሁት። መኪናዋ ከሻንሲ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከፊትም ከኋላም አክስሏ ድፍን ነው፤ ግራና ቀኝ ጎማው በአንድ ብረት የተያያዘ ማለት ነው። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 2250 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቁመቷም ከወርዷ ይበልጣል። መሪዋ ውስጡ ኳሶች የሚዞሩበት የድሮው ዓይነት ነው። ይህ ሁሉ ስህተት አይደለም፤ መሪው እንዲህ የሆነው ድንጋይ ስትረግጡ አውራ ጣታችሁን እንዳይሰብር ነው። የዚህ ዋጋ ግን መሪው መሃል ላይ ትንሽ ልል ቦታ መኖሩ ነው፤ ረጅም ጉዞ «ወደዚህ አቃናለሁ ስል ወደዚያ» ያለው እርሱን ነው። ልምድ ያለው ሾፌር በሁለት ጣት ይዞ ይተዋታል። አዲሱ ሰው ይታገላታል፤ በታገላት ቁጥር ትብሳለች።

በተለይ በአሮጌዎቹ ላይ 80 ገደማ ስትደርሱ መሪው እንደ ወንፊት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን ጠባይዋ አይደለም፤ በሽታ ነው። የጎማ ባላንስ፣ ያለቀ ቦኮላ፣ የፊት እግር ኩሽኔታ። ብዙ ሰው የመሪውን ማርገቢያ ብቻ ቀይሮ ዳነች ይላል። ሕመሙን ነው የሸፈነው።

ነፋስ ወዳጅ፦
እኔ ነፋስ ሲበዛ ሞተሩ አራቱንም ጎማ እንዲነዳ ማንሻውን አስገባለሁ፤ መንገዱን ቆንጥጣ ትሄዳለች። የሸጠልኝ ሰው ነው የነገረኝ። ክርክሩ ለምን እንደረዘመ አልገባኝም።

የጋራዥ ሰው፦
ልጄ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ? የፊቱና የኋላው ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚፈቅደው መካከለኛ ዲፈረንሻል የላትም እኮ! የፊትና የኋላ ጎማዎች መታጠፊያ ላይ እኩል መንገድ አይሄዱም፤ አስፋልቱ ደግሞ አያንሸራትትም። ልዩነቱ ሁሉ በማርሾቹ ላይ ይጠመዘዛል። ማንሻውን መልሺ።

ነፋስ ወዳጅ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ መመሪያው ላይ እስከ 100 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ማስገባት ይቻላል ይላል። አንብቤዋለሁ።

የጋራዥ ሰው፦
ማስገባት ይቻላል አለ እንጂ ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብተሽ ክረሚ አላለም።

ረጅም ጉዞ፦
ባለቤቶቹ ራሳቸው አነዳዷን አልተስማሙባትም፤ እኔ ግን ጠላት ተባልኩ። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የመኪና ደህንነት የሚፈትነው የአውሮፓ ተቋም ዩሮ ኤንካፕ ፈትኗት ከአምስት ሦስት ኮከብ ነው የሰጣት። በአንደኛው የፊት ለፊት ግጭት ሙከራ የሾፌሩ ኤርባግ ግፊት አንሶ ጭንቅላት ከመሪው ጋር ተገናኝቷል። እስቲ ይህንን በሁለት ጣት ያዙት።

አቧራ ጠጪ፦
ሦስት ኮከብ ሆቴል ስታድር አላየንህም?

ረጅም ጉዞ፦
ሆቴል በ120 ከግንብ ጋር አይጋጭም።

ባለ ጂምኒ፦
የኤርባጉ ነገር እውነት ነው፤ አልክድም። እኔ በዳር መስመር 100 ይዤ የምሄደውም ለዚህ ጭምር ነው። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ባለፈው ወር በዚያው ዳር መስመር ስሄድ አንዱ ከኋላዬ ተለጥፎ መብራቱን ያብለጨልጭብኛል። መሃሉ ባዶ፣ ውስጡም ባዶ። ሁለት መስመር ተከፍቶለት የእኔን መረጠ። በስፖኪዮ ፊቱን አየሁት፤ ስልክ እያወራ ነበር። «የፍጥነት መንገድ ለፈጣን መኪና ነው» የሚለው ትምህርት ፍሬው ይህ ነው።

ረጅም ጉዞ፦
እኔ አይደለሁም።

ባለ ጂምኒ፦
አንተ ነህ አላልኩም። ደቀ መዝሙርህ ነው።

ባለ ነዳጅ፦
አንድ ነገር ጨምሬ ልውጣ። ቁም ሳጥን የሚለው ስድብ ቢመስልም ሒሳቡ ትክክል ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፤ ከ100 ወደ 130 ስትሄዱ ግፊቱ በ69 በመቶ ይጨምራል፤ ነፋሱን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ከእጥፍ ያልፋል። የሞተሯ ጉተታ (ቶርክ) ከፍተኛው 130 ኒውተን ሜትር ነው፤ እርሱም ሞተሩ በደቂቃ 4000 ዙር ሲዞር ይገኛል። ስለዚህ መጮኋ ብልሽት አይደለም፤ ሥራዋን እየሠራች ነው። የነዳጅ ጋኗ ግን 40 ሊትር ብቻ ነው፤ 130 የሚነዳት ሰው ከማደያ ጋር ዝምድና ይፍጠር።

አቧራ ጠጪ፦
አያቷ እ.ኤ.አ. በ1970 ስትወጣ 359 ሲሲ እና 25 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከዚያ እዚህ ደርሳ ቁም ሳጥን ተባለች። ውለታ ቢሶች!

ረጅም ጉዞ፦
እሺ፣ ቁጥር ብላችኋል። 110። ዳገት ላይ። አራት ሰው ተጭኖ። ይህንን ሳይታገል የሚወጣ መኪና ለእኔ ለፍጥነት መንገድ ይበቃል።

ባለ ጂምኒ፦
ትናንት «ፈጣን መኪና» ነበር፤ ዛሬ «የሚበቃ መኪና» ሆነ። አራቱ ሰዎች ደግሞ ከየት መጡ? ልጁ እኮ ብቻዬን ነው የምሄደው ብሏል።

ረጅም ጉዞ፦
የት አለ? ጥያቄው ላይ እንዲህ የሚል የለም። ተመልሰህ አንብብ።

ነፋስ ወዳጅ፦
ጋሼ፣ ዛሬ ማደያ ገብቼ መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞረው ጎማው እየተንጫጫ መኪናዋ የታሰረች ያህል ተንቀረፈፈች። ማንሻውን መልሼዋለሁ። በነፋሱ ጉዳይ ግን አልተረታሁም።

የጋራዥ ሰው፦
የጎማሽን ነፋስ ስንት ነው የምትሞዪው?

ነፋስ ወዳጅ፦
የሸጠልኝ ሰው የነገረኝን።

የጋራዥ ሰው፦
ወይ ጉድ።