የዕድሩ አዳራሽ ቀለም፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ባለፈው ስብሰባ የአዳራሹ ውስጥ ፈካ ያለ ቢጫ እንዲቀባ ተስማምተናል። የቀረው የትኛው ቢጫ ነው የሚለው ነው። ካታሎጉ ላይ ሦስት መርጠናል፤ እኔ መካከለኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ሐሳባችሁን ጣል ጣል አድርጉ።

ቀለም ቀቢው አባል፦ ካታሎግ አትመኑ። ትንሽ ወረቀት ላይ ለስላሳ የሚመስል ቢጫ አራቱን ግድግዳ ሲይዝ የእንቁላል አስኳል ሆኖ ቁጭ ይላል። ግድግዳዎቹ ብርሃኑን ሲቀባበሉት ቢጫነቱ ይበረታል። መካከለኛውን ከወደዳችሁት፣ ከእሱ አንድ ደረጃ የገረጣውን ግዙ።

ወጣት አባል፦ አቦ፣ አታካብዱ! ሐረር ጀጎል ውስጥ ሰው ግድግዳውን አረንጓዴም ሮዝም ቀብቶት ያምራል። ደማቁን እንቀባውና እንገላገል።

ቀለም ቀቢው አባል፦ እሱ የውጭ ግድግዳ ነው ወንድሜ። ፀሐዩ ራሱ ያለዝበዋል። እኛ የምንቀባው ውስጡን ነው።

የመስተንግዶ ተጠሪ፦ አዳራሹ ለሠርግ ብቻ አይደለም፣ ለቅሶም እንቀመጥበታለን። ለሐዘንተኛ ደማቅ ቢጫ ምን ይሉታል? ደግሞ ወንበር የሚደገፍበት፣ የልጅ እጅ የሚያርፍበት ቦታ በወሩ ይጠቁራል። ከታች ዘይት ቀለም ይሁንልን፣ በእርጥብ ጨርቅ እንወለውለው።

ቀለም ቀቢው አባል፦ እትዬ ልክ ነዎት። ከታች 1 ሜትር ከ20 ዘይት ይሁን። ግን ቢጫ አይሁን። ዘይቱ ያብለጨልጫል፣ የውሃው ቀለም አያብለጨልጭም፤ አንድ ዓይነት ቢጫ ቢሆኑም የተለያዩ ይመስላሉ። ፈዛዛ ቡናማ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል። ጣሪያውም ክሬም ይሁን፤ ድርቅ ያለ ነጭ አጠገቡ ያለውን ቢጫ የቆሸሸ ያስመስለዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ እንዲህ ከሆነማ ሒሳቡ ቀለለ። አዳራሹ 14 በ8 ነው፣ ዙሪያው 44 ሜትር። ከፍታው 3 ሜትር ተኩል ስለሆነ ለቢጫው 2 ሜትር ከ30 ይቀራል። ወደ 101 ካሬ ነው፤ መስኮትና በር ሲቀነስ 85። ሁለት እጅ ሲቀባ 170። አንድ ሊትር 10 ካሬ ከሸፈነ 17 ሊትር ይበቃል። አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ!

ቀለም ቀቢው አባል፦ ግሩም። ሁለት ባልዲ ቢሆን መጀመሪያ አንድ ላይ መቀላቀል ነበረብን፤ ቅይጥ ቢጫ ከባልዲ ባልዲ ይለያያል። የተረፈው ለጥገና ይቀመጥ፤ የቀለሙ ቁጥርም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ንብረት ክፍል፦ በደቻቱ ወንዝ በኩል ያለውን ግድግዳ አትርሱት። ከታች ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ስትነኩት ይራገፋል።

ቀለም ቀቢው አባል፦ ጨው ነው። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ይዞት ይመጣል። እዚያ ላይ ዘይት ከቀባን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ቀለሙ ይላላጣል። ስለዚህ ያ ግድግዳ ከታችም የውሃ ቀለም ይሁን፣ ቡናማው ያው። ጨው ያለበትን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት። ልስኑ ከታደሰ 28 ቀን ይድረቅ፤ ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ይበላል።

ጸሐፊ፦ አምፖሎቹስ? ማታ ፊታችንን ሁሉ ያገረጡታል።

ቀለም ቀቢው አባል፦ ነጩ አምፖል ቢጫውን ወደ አረንጓዴ ይጎትተዋል። 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የተጻፈበት አምፖል ግን ሞቅ ያለ ብርሃን ይሰጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ ለአምፖል በጀት የለም። ዘንድሮ ባለው ይብቃን።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ባለው አምፖል እንፈትነው። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ከሦስቱ ሁለቱ የገረጡ ቢጫዎች 1 ሜትር በ1 ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ሁለት ሁለት እጅ ተቀብተው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በአዳራሹ ውስጥ ይታያሉ። የተመረጠው አንድ ባልዲ ይገዛል። ከታች ፈዛዛ ቡናማ ዘይት ይቀባል፤ በደቻቱ በኩል ያለው ግድግዳ የውሃ ቀለም ይሆናል። ጣሪያው ክሬም።» የሚጨመር?

ቀለም ቀቢው አባል፦ ሥራው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ይሁን። ግድግዳው ከጋለ ቀለሙ ሮለሩ ሳይመለስ ይደርቅና መስመር ያወጣል። ከምሳ በኋላማ ድሬ ላይ ማን ይሠራል?

ወጣት አባል፦ ኮምፔንሳቶው እኔ ጋ አለ፣ ቅዳሜ አመጣዋለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ይመዝገብልኝ፤ እኔ አሁንም ከደማቁ ጋር ነኝ።