ለፔይንትቦል ጠመንጃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሻላል ወይስ የታመቀ አየር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ በኩል ለወጣቶች የፔይንትቦል፣ ማለትም በጋዝ ግፊት የቀለም ኳስ የመተኳኮስ ጨዋታ፣ ሜዳ ልንከፍት ነው። 12 ጠመንጃ አለን፣ ሁሉም ባትሪ የሌላቸው መካኒካል ናቸው። ድራፍት ቤቶች የሚጠቀሙበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅርብ ይገኛል። በእሱ እንጀምር ወይስ በአየር? አየሩን ጎሚስታ ቤት ማስሞላት ይቻላል?

ከማራኪ፦ ጎሚስታ ቤት አይሆንም። የጎማ ኮምፕሬሰር የሚሰጠው 8 ወይም 10 ባር (የግፊት መለኪያ) ነው፤ የጠመንጃው የአየር ጠርሙስ ግን 200 ባር ይፈልጋል።

ምርጫው ላይ ግን ያለማመንታት አየር በሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙሱ ውስጥ ፈሳሽ ስለሆነ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀት ነው፤ በ10 ዲግሪ 45 ባር ገደማ፣ በ20 ዲግሪ 57፣ በ30 ዲግሪ 72። የጎንደር መጋቢት ደግሞ ጠዋት ብርድ፣ 8 ሰዓት ላይ ጠራራ ፀሐይ ነው። ጠዋት የኳሷ ፍጥነት በሰከንድ 85 ሜትር ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ከሰዓት በኋላ የተለመደውን የፍጥነት ጣሪያ፣ 91 ሜትርን፣ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ሰው ይጎዳል። በተከታታይ ሲተኮስ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጠርሙሱ ላብ ይዞ በረዶ ይሠራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ኳሷ ሳትደርስ ትወድቃለች። ፈሳሹ ወደ ጠመንጃው ካለፈ የጎማ ቀለበቶቹ ደርቀው ይሰነጠቃሉ። የአየር ጠርሙስ ግን የራሱ ሬጉሌተር (ግፊት ማስተካከያ) ስላለው ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ 55 ባር ገደማ እኩል ይሰጣል።

ጠያቂ፦ ገንዘቡ ለጊዜው ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ቢበቃስ? ወይም ከብየዳ ቤት ኦክስጅን ብንሞላ?

ብየዳ ቤት፦ ኦክስጅን በፍጹም! ጠመንጃው ውስጥ ዘይት አለ። በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክስጅን ዘይት ሲያገኝ ያለ ክብሪት ይነድዳል። ለአየርም ቢሆን የመሙያውን ጫፍ ዘይትም ግሪስም አታስነኩት።

ከፒያሳ፦ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጀመራችሁ ሚዛን ግዙ፤ የሚሞላው በክብደት እንጂ በግፊት አይደለም። የ20 አውንስ ጠርሙስ የሚይዘው 567 ግራም ነው። የድራፍት ሲሊንደር አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ቱቦ ስለሌለው ቆሞ ጋዝ ብቻ ይሰጣል፤ ፈሳሹን ለማግኘት ገልብጣችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። ትንሹን ጠርሙስ ባዶውን መዝኑ፣ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙ፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ 567 ሲጨምር ዝጉ። ካለፈ ፀሐይ ላይ ፈሳሹ መስፊያ ያጣና የደህንነት ዲስኩ ይበጠሳል። ጓንት አድርጉ፣ ደጅ ሙሉ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ዝግ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተኝቶ ያፍናል። 25 ኪሎ በስሌት 44 ጠርሙስ ነው፣ በተግባር ግን ያንሳል። በየሁለት ሰዓቱ ፍጥነት ለኩ።

ከማራኪ፦ አየር ስትገቡ 200 ባር የሆኑ ሁለት ባለ 50 ሊትር ሲሊንደር ይበቃችኋል። ባለ 0.8 ሊትር ጠርሙስ ከባዶ ሲሞላ ትልቁ 3 ባር ያህል ይወርዳል። ሁልጊዜ ግፊቱ ዝቅ ካለው ጀምሩ፣ የቀረውን ከሙሉው ሲሊንደር ጨርሱ፤ አለዚያ ሁለቱም በአንዴ ይደክማሉ። አሞላሉ ከአንድ ደቂቃ አይነስ፤ ከፈጠነ ጠርሙሱ ይግላል፣ ሲቀዘቅዝም ግፊቱ ይጎድላል። ኮምፕሬሰር ልትገዙ ካሰባችሁ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ሻጩ ከሚነግራችሁ የመሙላት አቅም አንድ አምስተኛውን ቀንሱ። ያገለገለ ጠርሙስ ስትገዙ አንገቱ ላይ የተመታውን የፍተሻ ቀን እዩ፤ አብዛኞቹ በየ5 ዓመቱ ይፈተሻሉ።