ክርክር፦ በድራፍት ተራን ሸጦ ወደ ኋላ መውረድ ያዋጣል ወይስ ያከስራል?

ሰናይ፦ የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው። በኤን ኤፍ ኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በዙርና በተራ በሚመርጡበትና ባለፈው ዓመት የደከመው ቀድሞ በሚመርጥበት ሥርዓት፣ ከፊት ያለ ተራ የደረሰው ቡድን፣ ተራውን ለጓጓለት ለቆ በምትኩ ብዙ ተራ ተቀብሎ ወደ ኋላ ይውረድ? ወይስ ባለበት ቆሞ የወደደውን ይምረጥ? ዋሽንግተንና አካባቢው ያለን ሰዎች ነገሩን ከሁለቱም በኩል አይተነዋል፤ በ2012 ከፍሎ የወጣው የእኛ ቡድን ነው፣ በ2024 ተቀብሎ የወረደውም እሱው ነው። ስድብ የለም፣ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።

ሄኖክ፦ ቁጥር ከተባለ እኔ ልጀምር። መውረድ ያዋጣል። ክለቦች ተራን በዋጋ መመዘን የለመዱት ጂሚ ጆንሰን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳላስን ሲያሰለጥን በተሠራው ሰንጠረዥ ነው። 1ኛ ተራ 3000 ነጥብ፣ 2ኛ 2600፣ 6ኛ 1600፣ 14ኛ 1100፣ 32ኛ 590። ዛሬ ብዙዎቹ የየራሳቸውን ሰንጠረዥ ሠርተዋል፤ ለንጽጽር ግን ይህኛው ይበቃናል።

2012ን በዚህ እንመዝነው። ዋሽንግተን ኳርተርባኩን (ኳስ እየወረወረ ጥቃቱን የሚመራውን) ሮበርት ግሪፈንን ለማግኘት 2ኛውን ተራ ከሴንት ሉዊስ ራምስ ወሰደ። የዚያኑ ዓመት 6ኛና 39ኛ ተራውን ሰጠ፤ 1600 እና 510፣ ድምሩ 2110። 2600 ለመሙላት የጎደለው 490 ብቻ ነበር፤ የአንድ ሁለተኛ ዙር ተራ ዋጋ ማለት ነው። ለዚህች ጉድለት የ2013ንም የ2014ንም የመጀመሪያ ዙር ተራ ጨመረበት። አንደኛው 22ኛ ሆኖ ወጣ፣ 780 ነጥብ። ሌላው 2ኛ ሆኖ ወጣ፣ 2600። ለ490 ዕዳ 3380 ከፈለ። እንዲህ ያለ ገዢ ደጅህ ቆሞ እያለ አልሸጥም ትላለህ?

ቤቲ፦ ሄኖክ፣ ሻጩ በዚያ ሁሉ ሀብት ምን ሠራበት የሚለውን ዘለልከው። ራምስ 6ኛውን ተራ ለዳላስ መልሶ ሸጦ 14ኛና 45ኛ ወሰደ፤ ባንተው ሰንጠረዥ 1550 ነው፣ 50 ጎድሎበታል። በ14ኛው ማይክል ብሮከርስ፣ በ39ኛው ጃኖሪስ ጄንኪንስ መጡ። ጥሩ ተጫዋቾች ናቸው፣ አልክድም። በ2014 ግን ከእኛ በደረሳቸው 2ኛ ተራ የመረጡት ታክል (ኳርተርባኩን የሚጠብቅ የመስመር ተጫዋች) ግሬግ ሮቢንሰን ነው፣ ከሸፈ። በኋላ ኮከብ የሆነውን አሮን ዶናልድን በዚያው ምሽት ያገኙት በራሳቸው 13ኛ ተራ ነው።

በዲሴምበር 2014 ከዋሽንግተን ጋር ሲገናኙ ከልውውጡ የተገኙ 6 ተጫዋቾችን አምበል አድርገው ለሳንቲም ውርወራው ላኩብን። 24 ለ 0 አሸነፉ። ፌዙ ያምርባቸው ነበር። ያን ዓመት ግን በ6 ድልና በ10 ሽንፈት ጨረሱ፤ ከ2012 እስከ 2016 ባለው ጊዜም ድላቸው ከሽንፈታቸው የበለጠበት አንድም ዓመት የለም። እኛ በ2012 10 ጨዋታ አሸንፈን ምድባችንን መርተናል።

ሄኖክ፦ ከዚያስ? በጃንዋሪ 2013 ግሪፈን ጉልበቱ ላይ ተጎዳ፤ ስንጥቁን የሚደፍን የመጀመሪያ ዙር ተራ ለሁለት ዓመት አልነበረንም።

ጋሽ መስፍን፦ ልጆች፣ የተጫዋቾቹን ስም ብቻ እየቆጠራችሁ ገንዘቡን ረሳችሁት። የመውረድን ነገር በጥናት ያስተጋቡት ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር ናቸው፤ ቴለር በ2017 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሰውዬ ነው። ቡድኖች የፊተኞቹን ተራዎች ከሚገባቸው በላይ ይገዟቸዋል አሉ። በአንድ ቦታ ላይ ቀድሞ የተመረጠው ልጅ ከሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኝበት ዕድል ከግማሽ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አንድ ውድ ዕጣ ከመያዝ ሁለት ርካሽ ዕጣ መያዝ ይሻላል ነው ነገሩ።

ግን ጥናቱ የቆመው በድሮው ውል ላይ ነው። በ2010 1ኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የ6 ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ 50 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው። በ2011 አዲሱ የሠራተኛ ስምምነት የጀማሪዎችን ደመወዝ ገደበና በዚያው ዓመት 1ኛ የሆነው ካም ኒውተን በ4 ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። በአንድ ዓመት ልዩነት! ስለዚህ ከፊት መምረጥ ዛሬ ያኔ የነበረውን ያህል አያስፈራም። ኳርተርባክ ካገኘህ ደግሞ በርካሽ ደመወዙ ዘመን በተረፈህ ገንዘብ ሙሉ መከላከያ ትገዛለህ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የጀማሪን የ4 ዓመት ውል በክለቡ ምርጫ ወደ አምስተኛ ዓመት ማራዘም የሚቻለው በመጀመሪያ ዙር፣ ማለትም እስከ 32ኛ ተራ፣ ለተመረጠ ብቻ ነው። ከ30ኛ ወደ 35ኛ የወረደ ሰው 5 ቦታ ብቻ የለቀቀ ይመስለዋል፤ ያንን ዓመትም አብሮ ሸጧል። ዋጋውን ለብቻው ማስከፈል አለበት።

ቤቲ፦ እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ክሊቭላንድ ይህንን ትምህርት ተሸክሞ ገደል የገባ ክለብ ነው። በ2016 2ኛውን ተራ ለፊላደልፊያ ሰጠ፤ እነሱ ኳርተርባክ ካርሰን ዌንትዝን ወሰዱ። ወደ 8ኛ ወርዶ አልበቃውም፣ ከቴነሲ ጋር ተለዋውጦ ወደ 15ኛ ወርዶ ኮሪ ኮልማንን መረጠ። በ2017 ከፊላደልፊያ የመጣውን 12ኛ ተራ ደግሞ ለሂውስተን ሰጠ፣ ሂውስተን ኳርተርባክ ዴሾን ዋትሰንን ወሰደ። ውጤቱ በ2016 1 ድልና 15 ሽንፈት፣ በ2017 0 ድልና 16 ሽንፈት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። በዚያው በ2017 የውድድር ዘመን ፊላደልፊያ ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ አነሳች።

ሄኖክ፦ መሸጡና መምረጡ የተለያየ ሥራ ነው። የሂውስተን ተራ በ2018 4ኛ ሆኖ ወጣ፤ ክሊቭላንድ ዴንዘል ዋርድን አመጣበት። ኮልማንን የመረጠው ሰንጠረዡ ሳይሆን መልማዩ ነው። በትክክል ሲሠራ ማየት ከፈለግሽ ቺካጎን እይ። በ2023 1ኛውን ተራ ለካሮላይና ሸጦ 9ኛ፣ 61ኛ፣ የ2024 የመጀመሪያ ዙር፣ የ2025 ሁለተኛ ዙርና ተጫዋቹን ዲጄ ሙርን ተቀበለ። ካሮላይና ያን ዓመት 2 ብቻ አሸንፎ ተራው 1ኛ ሆኖ ለቺካጎ ደረሰ፤ ኬሌብ ዊሊያምስ የመጣው በሱ ነው። ቁልፉ ከደካማ ቡድን የቀጣዩን ዓመት መቀበል ነው። በድርድር ላይ የመጪው ዓመት ተራ አንድ ዙር ዝቅ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ገዢው ደካማ ከሆነ ግን ያ ቅናሽ ለሻጩ ሲሳይ ነው።

ሳሚ፦ ሁለታችሁም የምታወሩት ካለቀ በኋላ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያች ሰዓት የሚጠይቀው፣ ስንት እኩያ ልጆች ቀርተዋል? ብሎ ነው።

ከ10ኛ ወደ 16ኛ ልትወርድ ነው እንበል። ከአንተ በፊት 6 ቡድን ይመርጣል። በሰሌዳህ ላይ በአንድ ደረጃ የተቀመጡ 7 ስሞች ካሉ አንዱ በእርግጠኝነት ይደርስሃል፣ ውረድ። 4 ብቻ ካሉ በመሐል ያሉት ቡድኖች ምን እንደጎደላቸው ቁጠር፤ ሁለቱ ኳርተርባክ ፈላጊ ከሆኑና ኳርተርባኮቹ ካላለቁ፣ ሊወስዱብህ የሚችሉት 4 ይሆናሉ ማለት ነው፤ አሁንም ጠባብ ነው። ደረጃው በ2 ስም ካለቀ ሰንጠረዡ 300 ነጥብ ትርፍ ቢያሳይህም አትንቀሳቀስ፤ የምትሸጠው ነጥብ ሳይሆን የመጨረሻውን ጥሩ ልጅ ነው። ቡፋሎ በ2017 10ኛውን ተራ ለካንሳስ ሲቲ ለቆ 27ኛ፣ 91ኛና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ሲቀበል በነጥብ የሚያስወቅሰው ነገር አልነበረም። በ10ኛው የተመረጠው በኋላ ካንሳስ ሲቲን ለሱፐር ቦውል ድል ያበቃው ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ ነው። ቡፋሎ በ2018 ወደ ላይ ወጥቶ ኳርተርባክ ጆሽ አለንን ባያገኝ ኖሮ ያ ልውውጥ ዛሬም እንደ ሐዘን ይነገር ነበር።

ዋጋው ደግሞ ቀደም ባሉት ቀናት በስልክ ይያዛል፤ «የምንፈልገው ልጅ እዚያ ከደረሰ ብቻ» ተብሎ። ለመምረጫ የተሰጠው ሰዓት መቁጠር ከጀመረ በኋላ ድርድር የሚከፍት ሰው ይቃጠላል። ሚኒሶታ በ2003 በ7ኛ ተራ ላይ ከባልቲሞር ጋር ለመውረድ ተስማማ፤ ልውውጥ የሚጸናው ሁለቱም ክለቦች ለሊጉ ሲያሳውቁ ነው፣ የባልቲሞር ቃል ሳይደርስ ሰዓቱ አለቀ። ጃክሰንቪል ዘሎ ባይረን ሌፍትዊችን፣ ካሮላይና ተከትሎ ጆርዳን ግሮስን መረጡ። ሚኒሶታ በ9ኛ ኬቨን ዊሊያምስን አገኘ፣ ልጁም ድንቅ ሆኖ ወጣ፤ ባልቲሞርም በ10ኛ ቴሬል ሰግስን ወሰደ። የዳኑት በዕድል ነው።

ትዕግስት፦ ለማን እንደሚሸጥ ማንም አላነሳም። በ2024 ዋሽንግተን 40ኛ፣ 78ኛና 152ኛ ተራውን ለፊላደልፊያ ሰጥቶ 50ኛ፣ 53ኛና 161ኛ ተቀበለ። ለገዛ ምድቡ ባላንጣ! እነሱ በ40ኛው ኩፐር ዲጂንን መረጡ። ልጁ በፌብሩዋሪ 2025 ሱፐር ቦውል ላይ የማሆምስን ኳስ ጠልፎ ጎል መስመር አገባው።

ሄኖክ፦ ሒሳቡ እኮ ግልጽ ነው። 500 እና 200 ሰጥተን 400 እና 370 ወሰድን፤ የኋለኞቹ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ። 70 ነጥብ ትርፍ፣ አንድ የአራተኛ ዙር ተራ። በ50ኛው የመጣው ማይክ ሴይንሪስቲል ዲትሮይትን ባሸነፍንበት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሁለት ኳስ ጠልፏል።

ትዕግስት፦ በ53ኛው የመጣው ቤን ሲኖትስ? በመጀመሪያ ዓመቱ ኳስ እምብዛም አልደረሰውም። ከዲትሮይት ቀጥሎ ደግሞ ማን ጋር ገባን? ፊላደልፊያ፣ 55 ለ 23። ዲጂንን በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንገጥመዋለን። 70 ነጥቡ ይህንን ይቆጥራል?

ሄኖክ፦ አይቆጥርም። እሺ፣ ለምድብ ባላንጣ ሲሆን ዋጋው ይጨመር።

ጋሽ መስፍን፦ ስንት ይጨመር? ቁጥር ተናገር።

ሄኖክ፦ በላዩ አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ፣ ጋሼ።

ትዕግስት፦ አይከፍሉህም።

ሄኖክ፦ ካልከፈሉ ስልኩን ዘግቼ ዲጂንን ራሴ እመርጣለሁ።

ቤቲ፦ ይኸው መጣህ።