«መድኃኒት አድርገውብኛል» ለሚሉኝ ታካሚ ምን ልመልስ?

ጀማሪዋ ነርስ (ጥያቄ)

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ሥነ አእምሮ ዋርድ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ማዋለጃ ክፍል ነበርኩ። እዚያ ለእናቶቹ ምን እንደምል አውቅ ነበር። እዚህ ግን አፌ ይተሳሰራል።

አንድ እናት አሉ፤ ስልሳ ቢሆናቸው ነው። ከገቡ አራት ቀናቸው ነው። የሆስፒታሉን ምግብ አይነኩም፤ ልጃቸው ከቤት የምታመጣውንም አይነኩም። ትናንት ጠዋት የመድኃኒት ትሪ ይዤ ስገባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ምግቤ ውስጥ መድኃኒት አድርገውብኛል። መንጋጋዬን ያሰረኝ እሱ ነው። አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «አይዞዎት እማማ፣ ምንም የለም፣ እዚህ ማንም አይነካዎትም» ብዬ ትከሻቸውን መታ መታ አደረግኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ውሃ እንኳ የሚጠጡት ራሳቸው ከቧንቧ ቀድተው ነው።

ቴራፒዩቲክ ኮሙኒኬሽን (ታካሚን በሚረዳ መንገድ ማነጋገር) ተምሬያለሁ፤ ጥሩ ውጤትም ነበረኝ። አልጋው አጠገብ ስቆም ግን አንዱም አይመጣልኝም። ምን ማለት ነበረብኝ? አሁንስ በምን አፌ ልመለስ?

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ ራስሽን አትውቀሺ። እኛ ጋ ለሠላሳ አራት ታካሚ ሁለት ነርስ ነን። መርፌ አለ፣ ቻርት አለ፣ አስታማሚ ይጠራል። ቁጭ ብሎ ለማውራት ጊዜው የት አለ?

ብቻ አትከራከሪያቸው። «መርዝ የለም» ብለሽ ባስረዳሻቸው ቁጥር እሳቸው ማስረጃ ይጨምራሉ። ለምግቡ ደግሞ ራሳቸው የሚከፍቱትን ነገር ስጫቸው። ያልተላጠ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ፣ ያልተከፈተ የታሸገ ውሃ። እኔ ጋ ብዙ ጊዜ ሠርቷል።

ሲስተር ከወሎ

ልጄ፣ በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

«አይዞሽ» ክፉ ቃል አይደለም። ያለሱ ለቅሶ ቤት አንገባም። ግን የፈራ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ «አይዞህ፣ ምንም የለም» ሲባል የሚሰማው «በቃ፣ ዝም በል» የሚል ነው። እኔም ለዓመታት ስለው ኖሬያለሁ። ስንቱን ሰው አፉን እንዳስያዝኩት ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ወንበር ስበሽ ጎናቸው ተቀመጪ። ከላይ ሆነሽ ቁልቁል አታናግሪያቸው፤ በሩንም አትጋርጂባቸው። እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ ትናንት ሳልሰማዎት ቸኮልኩ። እኔ ምግቡ ውስጥ ሰው ምንም ሲጨምር አላየሁም። እርስዎ ግን በጣም እንደፈሩ ይታየኛል። መቼ ጀመረዎት?» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ቻይው። ትከሻቸውንም ሳታስፈቅጂ አትንኪ። ቤት ውስጥ ፍቅር ነው፤ ለፈራ ሰው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

«እውነትዎን ነው» ብለሽም እንዳትዋሺ። አንድ ባልደረባዬ ለአንድ ወጣት «የሚከታተሉህን ሰዎች አባረናቸዋል» አለው። ልጁ ያን ሌሊት ተኛ። በማግሥቱ ሰዎቹን እንደገና በር ላይ አያቸው። ከዚያ ወዲያ ያንን ነርስ አላመነውም፤ እኛንም ጭምር።

«ለምን» የሚለውንም ቀንሺ። «ለምን አይበሉም?» በእኛ አነጋገር ቁጣ ነው። «ምን ሲበሉ ይብስብዎታል?» ብትያቸው ይነግሩሻል።

አሁን ወደ አሳሰበኝ ነገር ልምጣ። «መንጋጋዬን አሰረኝ» ማለታቸውን በሽታው ያናገራቸው ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ልጃቸውን ለብቻዋ ጠይቂያት። እንክብል እምቢ ያለ ሰው ሲቸግረው ስንቱ ቤተሰብ ፈጭቶ ወጥ ውስጥ እንደሚጨምር አይቻለሁ። ሃሎፔሪዶል የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ደግሞ መንጋጋና አንገት ሊይዝ፣ እጅም ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ እማማ የነገሩሽ እውነት ነው ማለት ነው። መድኃኒት አድርገውባቸዋል።

የሌሊት ተረኛው ወንድሜ፣ ስለ ጊዜው ያልከው ልክ ነው። ቢሆንም «አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ብለህ በአራት ሰዓት ከመጣህ ሦስት ደቂቃም ይበቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት በየክልሉ ሥራውን ተሸክመው የቆዩት አማኑኤል ሆስፒታል የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። ጥቂት መርፌ፣ ጥቂት እንክብልና አንደበት ነበራቸው። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ምሁር ሂልደጋርድ ፔፕላውም እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ ነርሲንግ ራሱ የሚያክም የሰው ለሰው ግንኙነት ነው ብላለች። የተማርነውን ሁሉ ብረሳ ይህቺን አልረሳም።

ተኝቼ የወጣሁ

ነርስ አይደለሁም። የዛሬ ስድስት ዓመት ተኝቼ ታክሜያለሁ። ያኔ የሚሰማኝ ድምፅ ነበር። ሁሉም «የለም፣ አትስማው» ይሉኝ ነበር። አንዷ ሲስተር ብቻ «እኔ አይሰማኝም፤ አንተ ግን እንደምትሰማ አምንሃለሁ። አሁን ምን እያለህ ነው?» አለችኝ። ራስህን አጥፋ እያለኝ እንደሆነ የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። ሌላ ማንም አልጠየቀኝም። በስሜ ትጠራኝ ነበር፤ «ቤድ ሰባት» አላለችኝም። ይህን ማወቅ ከጠቀመሽ ብዬ ነው።

ጀማሪዋ ነርስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ነው የምጽፈው።

ልጃቸውን ኮሪደር ላይ አገኘኋትና ጠየቅኳት። አለቀሰች። ለሁለት ወር እንክብሉን በዘነዘና እየፈጨች ሽሮ ላይ ስትበትን ነበር። አንድ ቀን የቀረ መስሏት ሁለት ጊዜ እንዳደረገችም ነገረችኝ። የሚያግዛት የለም፣ ሌሊት እንቅልፍ የላት፣ ምን ታድርግ? አልተቆጣኋትም። ለሐኪሙ ነገርኩት፤ መርምሯቸው መጠኑን ቀነሰላቸው።

ከዚያ ሦስታችን ተቀመጥን። ልጅቷ ራሷ ነገረቻቸው። እማማ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔም «አይዞዎት» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። በኋላ «እኔ እኮ ጎረቤቷ መስላኝ ነበር» አሉ። ጎረቤታቸው ላይ ያላቸው ፍርሃት አሁንም አለ፤ እሱ አልለቀቃቸውም።

ዛሬ በአራት ሰዓት፣ ባልኩት ሰዓት፣ እንቁላል ከነቅርፊቱ ይዤ ገባሁ። አልጋው ብረት ላይ ቀጭ አደረጉና ራሳቸው ላጡት። ለሁለት ከፈሉና ግማሹን ወደ አፌ ዘረጉልኝ። ጉርሻ ይሁን አስቀድሜ እንድቀምስላቸው አላወቅኩም። ጎረስኩ። ትንሽ አዩኝና የቀረውን በሉ።